ስለ ቀበቶ ፈተናና ስለ አስተማሪው ልብ

በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ በከሚሴ ከተማ ያየነው ነገር ብዕራችንን ወደ ራሱ ሳበው። አንድ የቴኳንዶ አስተማሪ ተማሪዎቹን ለቀበቶ ፈተና ሲያቀርብ ተጋብዘን ተገኝተን ነበር። የልጆች እግር ወደ ላይ ሲወረወር ማየት እንደ እኛ በፊደል ገበታ ፊት ላደገ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ሆኖም አብልጠን የተመለከትነው ልጆቹን ሳይሆን መምህራቸውን ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንግለጽ። ቀበቶ የማዕረግ ምልክት እንዲሆን ያደረገው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 የጁዶን ትምህርት ቤት ያቆመው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው ግን በኮርያ በ1955 ነው። ጀማሪው ነጭ ይታጠቃል፤ ከዚያም በቢጫ፥ በአረንጓዴ፥ በሰማያዊና በቀይ አልፎ ወደ ጥቁር ይደርሳል። መምህራኑ ሲተረጉሙት ቢጫው ዘር ሥር የሚሰድበት መሬት፥ አረንጓዴው ቡቃያው፥ ሰማያዊው ተክሉ ወደ እርሱ የሚያድግበት ሰማይ ነው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ለሚያርስ ገበሬ ልጅ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። ጀማሪው የሚማረው የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ተከታታይ ቾንጂ ይባላል፤ ሰማይና ምድር ማለት ነው። 19 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ልጁም ሲጨርስ በተነሣበት ስፍራ ላይ መቆም ይኖርበታል።

ፈተናው ሳይጀመር መምህሩን፥ «ልጆቹ ፈርተዋልን?» ብለን ጠየቅነው።

«መምህር፥ እርስዎ ያውቁታል፤ የሚፈራው አስተማሪው ነው። የእኔ ፈተና ትላንት ማታ ስም ስጽፍ ነበር» አለን። ለፈተና የሚቀርበውን የሚመርጠው እርሱ ነውና 11 ስም ጽፎ አንዱን ትቷል። የተተወው ልጅ ጓደኞቹ ሁሉ የሚወጡበት፥ እናቱም የፈተናውን ገንዘብ አስቀድማ የከፈለችለት ነው። መምህሩ የሚተዳደረው ከተማሪዎቹ በሚያገኘው ገንዘብ ስለ ሆነ ልጅን ማስቀረት ኪሱንም የሚነካ ነገር ነው፤ ይህን ራሱ ሳይደብቅ ነገረን።

ስለ ምን እንዳስቀረው ብንጠይቀው፥ ዐምና አንዱን በርኅራኄ አሳልፎት እንደ ነበር አጫወተን። ልጁ ቀበቶው ከፍ ስላለ ከብርቱዎች ጋር እየተጣመረ ሲለማመድ በየዕለቱ ተመታ፤ ከዚያም መምጣቱን ተወ። «የወደቁብኝ ሁሉ ተመልሰው መጥተዋል፤ የጠፋብኝ ያለ ዕድሜው ያሳለፍሁት ነው» አለ። እኛም በዚህ ጊዜ ዝም አልን፤ በማስተማር ዘመናችን እናቱ እያለቀሰች ለለመነችን ለአንድ ተማሪ ሁለት ነጥብ ጨምረን፥ በሚቀጥለው ክፍል ገጽ ገልጦ ማንበብ ተስኖት ስናየው አንገታችንን ደፍተናልና። ልጆች ደግሞ ይቸኩላሉ። ሰሎሞን ቱፋ ደምሴ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮው ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ለኢትዮጵያ መወዳደሩን የሰማ ልጅ ነጭ ቀበቶ ለብሶ ዓመት መቆየት እንዴት ይሆንለታል?

ፈተናው ተጀመረ። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች በኮርያኛ «ሃና፥ ዱል፥ ሴት» እያሉ ይቆጥሩ ጀመር። ፈታኙ በማዕረግ የሚበልጥ፥ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ስለ ነበረ መምህሩ አንዲት ቃል መተንፈስ አይፈቀድለትም፤ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል። እኛ ግን ከበስተኋላው ተቀምጠን ነበርና፥ ልጆቹ በተከላከሉና በሰነዘሩ ቊጥር ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየን። ለዲቁና ልንቀበል ከጳጳሱ ፊት መጽሐፍ ባነበብን ዕለት የኔታ በስተግራ ቆመው ከንፈራቸው ከእኛ ጋር ሲንቀሳቀስ አይተን፥ ለራሳቸው የሚጸልዩ መስሎን ነበር።

አንዲት ልጅ ቾንጂን ስትጨርስ ከተነሣችበት አንድ ርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። መምህሩ ዐይኑን ጨፈነ። ፈታኙ ድገሚው አላት፤ ደገመችው፤ በሁለተኛው ጊዜ በስፍራዋ ቆመች። እርሱ ግን ዐይኑን የገለጠው ጭብጨባው ሲሰማ ነው።

ስሙ ያልተጻፈው ልጅ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ከጓደኞቹ ጋር ሲቆጥር ዋለ። ሁሉም ሲበተን መምህሩ ገንዘቡን ለእናቲቱ ሊመልስላት እጁን ዘረጋ። እርሷም፥ «አይሆንም፤ አንቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሲደርስ ይፈተንበታል» ብላ አልቀበል አለች፤ እኛ ስንወጣም ገና በዚያው ገንዘብ ይከራከሩ ነበር።