ሦስተኛው ምድብ

ይህ ዓምድ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ከሚለው ተረት ጋር የቆየ ሙግት እንዳለው የምታውቁ አንባብያን፥ ዛሬም ወደዚያው ብመለስ አትፍረዱብኝ።

በጄኔቭ ከተማ በሰርቬት ሰፈር የሚኖረው የደሴው ወዳጄ፥ የሳዑዲው ንጉሥ ኻሊድ በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መርቆ በከፈተው የፕቲ ሳኮኔ መስጊድ የዓረፋን ሶላት ሰግዶ፥ የኢብራሂምንና የልጁንም ታሪክ በኹጥባው ሰምቶ፥ ዕንባ እንዳቀረረ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ እኔ እንደ ወሎ ልማድ ለበዓሉ ተጠርቼ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

የ12 ዓመት ልጁ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዛ ቀረበች፤ የአባትዬው ፈረንሳይኛ ለገበያ እንጂ ለደብዳቤ አይበቃምና፥ የቤቱ ልሳን እርስዋ ናት።

«አባዬ፥ ሲክል ስገባ ሦስተኛው ምድብ ደርሶኛል።»

«ሦስተኛ? የሰው ልጅ አንደኛ ሲወጣ!»

«አባዬ፥ እሱ እኮ...»

«ዝም በይ! እንግዳ ፊት!»

ደብዳቤውን ከስኒው አጠገብ አኑራ ወደ ክፍልዋ ገባች። በጄኔቭ ሥርዐት ሲክል ወደሚባለው የትምህርት ደረጃ የሚገቡ ተማሪዎች በሦስት ምድብ ሲከፈሉ፥ ከሁሉ የላቀ ውጤት የሚጠየቅበት ሦስተኛው ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ፥ ይሉኝታ ይዞኝ ቈሎዬን ቈረጠምሁ።

ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ሰው ነኝና፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 ስለ በጉ የሚጠይቀው ልጁ እንደ ሆነ፥ አባትም ምሥጢሩን በልቡ ሰውሮ እንደሚመልስለት አውቃለሁ፤ በቁርዓን በ37ኛው ሱራ ግን አባት ራሱ ሕልሙን ለልጁ ገልጦ፥ አንተስ ምን ታያለህ ብሎ ሐሳቡን ይጠይቀዋል። የፈጣሪን ትእዛዝ እንኳ ልጁን ሳያማክር ያልፈጸመ አባት ታሪክ በጧት ያስለቀሰው ሰው፥ ቡናው ቶና ሳይደርስ ልጁን አፍዋን አስያዛት! ልጅ ከተጠየቀ አባት ይደፈራል የምትሉኝ ሰዎች ተግሣጻችሁን አነባለሁ፤ መልስ ግን አትጠብቁ።

ወዳጄን ልወቅስ ተነሥቼ ሳለ የገዛ ልጄ ትዝ አለኝ። ዙሪክ ለሥራ ከሄደ ወዲህ፥ ከአገር ለምን እንደ ወጣን በስልክ በጠየቀኝ ቍጥር «እግዚአብሔር ያውቃል» እያልሁ ስዘጋበት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ይህም ከኦሪቱ አባት የተማርሁት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ የምድቡን ፍች ለወዳጄ ነገርሁት። ብዙ ዝም ብሎ ቈየና ደብዳቤውን አንሥቶ የልጁን በር አንኳኳ፤ በገዛ ቤቱ በር ሲያንኳኳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከውስጥ በፈረንሳይኛ መለሰችለት።