ጓል መከስከስ በልክ ይሁን

ባገራችን ከዘር በፊት ጓሉን ያልከሰከሰ፥ ማሳውንም ያልደለደለ ገበሬ ሰነፍ ይባላል። ለጤፍ እውነት ነው፤ በ1 ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ቅንጣት አለና፥ ደቃቁ ዘር ከጓል ሥር ከወደቀ አይበቅልም። በጉና ተዳፋት ለሚዘራው ገብስ ግን አፈሩን ይህን ያህል ማላም አይገባም ባይ ነኝ። የገብስ ፍሬ ትልቅ ስለ ሆነ በጓል መካከል ብቅ ይላል፤ የላመውን አፈር ግን የክረምት ጎርፍ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ያገባዋል። የቀረው ጓል የውሃውን ሩጫ ያዘገያል። ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ወላጆቻችንን በትሕትና እንለምን፤ በተዳፋቱ ላይ ጓሉ በመጠኑ ይቅር፥ የመጨረሻውም እርሻ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሁን። ሰነፍ መባል ያልፋል፤ የሄደ አፈር ግን አይመለስም።