የተዋናይ ድካምና የተመልካች ግምት



አንድ ሰው ሐኪም ሆነ ሲባል ስንት ዓመት ተማረ ብለን እንጠይቃለን፤ መሐንዲስ ሆነ ሲባልም እንደዚሁ ነው። ተዋናይ ሆነ ሲባል ግን ወይ «ተሰጥኦ አለው» ብለን በአንድ ቃል እናልፈዋለን፤ ወይም «ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው» ብለን እንንቀዋለን። ከሁለቱ አነጋገር አንዱ ምስጋና፥ ሁለተኛው ስድብ ቢመስልም፥ የሰውየውን ድካም በመካድ ግን አንድ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ተዋናይነት በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ሙያ መሆኑን ማስረዳትና፥ ለእኛ ለተማሪዎች ምን እንደሚጠቅመን ማመልከት ነው።

ነገሩን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻንም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተና የአድዋን ድል የሚያስታውስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ፈረሰኛው በተሸለመ ፈረስ ሜዳውን ሲሰነጥቀው ሕዝቡ በእልልታ ይቀበለዋል። ነገር ግን ይህ ሰው ልጓም መያዝንና ኮርቻ ላይ መደላደልን በአንድ ቀን እንዳልተማረው፥ ስንት ጊዜም ወድቆ እንደ ተነሣ ከመካከላችን የሚጠራጠር የለም። ታዲያ ለፈረሰኛው የምንሰጠውን ፍርድ ለተዋናዩ ስለምን እንነፍገዋለን?

በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ገና የመቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ነው። በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ተጀመረ፤ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። መድረኩ ሲሰፋ ተሰጥኦ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። ስለዚህም አቶ ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ፥ አቶ ወጋየሁ ንጋቱና አቶ ደበበ እሸቱ በሀንጋሪ የቴአትር ትምህርት ተማሩ። አቶ ደበበ ከዚያ በኋላ በ1965 ዓ.ም. ለሕዝብ በታየው «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ከውጭ አገር ተዋንያን ጋር ለመሥራት በቁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ምክር ለካ ለመድረክም ይሠራል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚቀርቡት አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ይመስሉኛል። ምክንያቱም ቴአትር ቤት በሌለበት፥ ቴሌቪዥንም ባልደረሰበት ሁሉ በድምፃቸው ገብተዋል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ የተረኩት እርሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ታሪኩም የሚፈጸመው በጎጃም ነው። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከእንጅባራ ተነሥቶ በቲሊሊና በቡሬ ለሚያልፍ መንገደኛ ሩቅ አይደለችም።

እንግዲህ የሥራውን ክብደት እናስብ። የመድረክ ተዋናይ ፊቱ፥ እጁ፥ ልብሱና አረማመዱ ያግዙታል። በራዲዮ ግን ይህ ሁሉ ይወሰድበትና ድምፁ ብቻ ይቀረዋል። በዚያ በአንድ ድምፅ አቶ ወጋየሁ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፥ የበዛብህን ዓይናፋርነት፥ የሰብለ ወንጌልን ናፍቆት፥ የጉዱ ካሣን ምሬት ለየብቻው አሰሙ። አድማጩም አሁን የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። የት ማዘግየት፥ የት መፍጠን፥ የት ዝም ማለት እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ የጉሮሮ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉን ደጋግሞ አንብቦ የደራሲውን ሐሳብ መመርመርን ይጠይቃል። ማንበብ የማያውቀው ገበሬም በዚህ ምክንያት የታላቅ መጽሐፍ ባለቤት ሆነ። አንድ መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚያስተምረው ይህ በምን ያንሳል?

ይህን የመሰለ አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎች ግን ለረጅም ዘመን በንቀት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል። በቀድሞ ጊዜ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ስለሚቈጠር፥ የሴትን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። ይህን አጥር ከጣሱት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ የክራር ባለሙያዋ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ዛሬ በቴሌቪዥን ሴት ተዋናይ ስናይ የማይደንቀን፥ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው የሰውን ሐሜት ስለ ቻሉልን ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ በዚህ ሙያ እንጀራ ያገኛልን?» ብለው ቢጠይቁ ግን ጥያቄያቸው ከንቱ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ በመድረክ፥ በራዲዮና በፊልም ያገለገሉት አቶ ፈቃዱ ተክለ ማርያም በኩላሊት ሕመም ሲያዙ ለሕክምናቸው ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ አስፈልጎ ነበር፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሕዝቡ እጁን መዘርጋቱ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ አንድ ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ በሕመሙ ጊዜ የሰው እጅ ማየቱ የሙያውን ከንቱነት ሳይሆን የእኛን አከፋፈል ጉድለት ያስረዳል። ጭብጨባ ደመወዝ አይሆንም። ለድካሙ ተገቢ ዋጋ፥ ለእርጅናውና ለሕመሙም ዋስትና ሊኖረው ይገባል። ሙያ መሆኑን ካላመንን ግን ይህን ሁሉ ልንጠይቅለት አንችልም፤ ለጨዋታ ጡረታ የሚከፍል የለምና።

ወደ ተማሪ ቤታችን ስንመለስ፥ የቴአትር ክበብ በወላጆች ቀን ብቻ የሚታወስ ጌጥ መሆን የለበትም። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይበጃል። አንደኛ፥ ክበቡ በሳምንት አንድ የተወሰነ ሰዓት ይሰጠውና ተማሪው ከታወቁ መጻሕፍት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብን ይልመድ፤ ይህም ለቋንቋ ትምህርቱ ይረዳዋል። ሁለተኛ፥ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛም አጫጭር ቴአትሮች ይጻፉ። አያቶቻችን በእሳት ዳር የሚያወሩት ተረትና ታሪክ ለመድረክ የሚበቃ ሲሆን፥ ጽፎ የሚያስቀምጠው ከታጣ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። ሦስተኛ፥ የተጫወትነው ጽሑፍ ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ፤ የሚመጡት ተማሪዎች እኛ ከደረስንበት ይጀምሩ ዘንድ።

በዚህ መንገድ ሁሉም ተዋናይ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ነገ በፍርድ ቤት የሚሟገተው፥ በክፍል የሚያስተምረው፥ በሸንጎ ስለ ወገኑ የሚናገረው ከዚሁ ከእኛ መካከል የሚወጣ ነው። በሰው ፊት ቆሞ ሐሳቡን በጠራ አንደበት መግለጽና የሌላውን ሰው ኑሮ ከውስጥ ገብቶ መረዳት ለሁሉም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከእንግዲህ አንድ ተዋናይ ሲያስቀን ወይም ሲያስለቅሰን «እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው» ከማለታችን በፊት፥ ያችን አንዲት ቃል እንደዚያ ለመናገር ስንት ጊዜ ደጋገማት ብለን እንጠይቅ። ከመካከላችንም ይህን ሙያ የሚመኝ ሲገኝ አንሣቅበት፤ ተምረህ ግባበት ብለን እናበረታታው።