የኢንተርኔት አድራሻ ክፍፍል፤ ለትንሹ አቅራቢ ምን ተረፈው?

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታ ሩዝ ሊጭን የሚሄድ ነጋዴ ሐሙሲትን ሳያልፍ አይደርስም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ቀድሞ የመጣ መንገድ ዳር ያለውን ቦታ ይይዛል፣ የዘገየ ከኋላ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። በኢንተርኔት ገበያ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከ40 ዓመት በፊት ቀድመው የመጡት ከያዙት ቦታ አብዛኛውን ዛሬም አለቀቁም።

ቦታው የቁጥር አድራሻ ነው። ማንኛውም መሣሪያ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው በአድራሻ ሲሆን፣ በነባሩ ሥርዓት ያለው ጠቅላላ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ ይዞ ኖሯል፤ በ2017 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፊሉን ለአማዞን ሸጧል። መላው አፍሪካ የደረሰው 120 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን ሕዝብ ቁጥር እንኳ ቢያክል ነው። የዓለሙ ጎተራ በየካቲት 2011 ባዶ ሆነ።

የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው ሞሪሺየስ የሚገኘው አፍሪኒክ ነው። ድርጅቱ ከጥር 2020 ጀምሮ አንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ እንዳይወስድ ገድቧል። ለትልቁም ለትንሹም እኩል ስለሆነ ፍትሐዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ የወሰደውን በአብዛኛው መጠቀሙን ያሳየ ተመልሶ መጠየቅን አልተከለከለም። ሚሊዮን ደንበኛ ያለው ኩባንያ 1,024 አድራሻ ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ዓመታዊ ክፍያውም በአድራሻ ሲካፈል ትንሹን ይበልጥ የሚጎዳ ነው።

አከፋፋዩ ራሱም ከሙግት አልወጣም። ክላውድ ኢኖቬሽን የተባለ ኩባንያ ከ6 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ወስዶ ከአፍሪካ ውጭ አከራይቷል በሚል በ2021 ሊነጠቅ ሲል ፍርድ ቤት ሄደ፤ ኩባንያው ውሉን አልጣስኩም ባይ ነው። የአፍሪኒክ የባንክ ሒሳብ በዚያው ዓመት ታገደ፣ በ2023 በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ተሾመለት፣ ቦርድ የተመረጠለትም በመስከረም 2025 ነው። ዝሆኖቹ ሲጣሉ የተረገጠው ሣር ማን እንደሆነ መናገር አያሻም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ከጀመረበት ከ1997 አንስቶ ሳፋሪኮም በ2022 እስኪገባ ድረስ ዋናው በር የመንግሥት ቴሌ ብቻ ነበር። ትንንሾቹ አቅራቢዎች በትልቁ መስመር ላይ ተንጠልጥለው የሚሠሩ ናቸው። አድራሻውንም ከመስመሩ ጋር ከተከራዩ ችግሩ የሚታየው ሊለቁ ሲሉ ነው። ወረታ ላይ አንድ አነስተኛ አቅራቢ ለሩዝ መፈልፈያዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት መስመር ዘረጋ እንበል። የተሻለ ዋጋ የሚሰጠው ሌላ ኩባንያ ቢያገኝ አድራሻው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የደንበኞቹን መሣሪያ አንድ በአንድ ዞሮ መቀየር አለበት። ስለዚህ ውድድር መጣ ቢባልም አይለቅም፤ የመስመር ዋጋም እንደተሰቀለ ይቀራል።

አድራሻ ያጠረው ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ያጉራል። ለመንደሩ ሁሉ አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንደ መስጠት ነው። አንዱ አጭበርብሮ ቁጥሩ ቢታገድ፣ የውጭ ገዢ የሚጠብቀው ጎረቤት አብሮ ይታገዳል። የመጋዘኑን ካሜራ ከሩቅ ሆኖ ማየት የሚፈልግም አሳሩን ያያል።

ትልቁ ኩባንያ መከራከሪያ አያጣም። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ይላል፤ እሱንና 200 ደንበኛ ያለውን እኩል ማካፈልም ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን አዲሱና ሰፊው የአድራሻ ሥርዓት፣ ስድስተኛው ትውልድ የሚባለው፣ የማያልቅ ያህል ብዙ ነው። ሚሊዮን ስልኮችን ወደዚያ ለማዛወር ገንዘቡም ባለሙያውም ያለው ትልቁ ነው። ትንሹ አሮጌ መሣሪያና አሮጌ ድረ ገጽ ከሚጠቀም ደንበኛ ጋር ስለሚሠራ ነባሩ አድራሻ ለጊዜው ግድ ይለዋል። (መስመሩ ራሱ ከሌለ ግን አድራሻ ምን ይበጃል? በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ነጋዴው አይረሳውም።)

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአፍሪኒክን ደንብ ሊለውጥ አይችልም። ትልልቆቹ አድራሻ ሲያከራዩ በምን ዋጋና ውል እንደሆነ ማስገለጥ፣ መስመር ለቀየረ አነስተኛ አቅራቢም የመሸጋገሪያ ጊዜ ማስከበር ግን ሊመለከተው የሚገባ ጉዳይ ነው። ከገበያ ይግዙ ማለትም ቀላል አይደለም። በ2021 መጨረሻ የአንድ አድራሻ ዋጋ በዓለም ገበያ ከ50 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዓለም መስመር ላይ ለብቻው የሚታወቀው ትንሹ ጥቅል 256 አድራሻ በመሆኑ፣ በዚያ ሒሳብ ለአንድ ጥቅል ከ12,800 ዶላር በላይ ይጠየቃል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ።