ካቡን ማን ያነብባል?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ የሸናንዶዋን ብሔራዊ ፓርክ ሲያነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መንገዱ ነው። አይፈረድበትም። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው ጎዳና የብሉ ሪጅ ተራሮችን ጀርባ ይዞ 169 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለተገደበ ሾፌሩም ሳይቀር ግራ ቀኙን ያያል፤ በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላና ሲበጫ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ሁሉ ይሞላል። ቤተሰቡ ወርዶ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳው ይወጣል፣ ልጆቹ ኔትወርክ የለም ብለው ያማርራሉ፣ ከዚያ ወደ ቤት። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ የተደረሰበት ተራራ በመስታወት ታይቶ ያልቃል። እኔ የምለው ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ለገባ ስደተኛ ቤተሰብ ያ ፓርክ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለው ነው፤ ወላጅ አዋቂ፣ ልጅ ጠያቂ የሚሆኑበት ጥቂት ሰዓት። ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ደም ግፊት ማውራቴ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን ሐኪሞች ሳይታክቱ ይነግሩናል።

ስደት የቤትን ወንበር ያገለባብጣል። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ የሚያነብበው ልጅ ነው፣ ኢንሹራንስ ደውሎ የሚከራከረው ልጅ ነው፣ ሐኪሙ ያለውን ለእናቱ የሚተረጉመውም የ10 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታ አማርኛን መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ማድረጓ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ግን ቅጽ ይተረጉማል እንጂ በልጁ ፊት ያነሰውን የአባት ቃል መልሶ አያቆምም። በእረፍት ቀን እንኳ ነገሩ ይቀጥላል። ሙዚየም ቢኬድ ጽሑፉን ቀድሞ አንብቦ የሚጨርሰው ልጁ ነው፤ ቤዝቦል ቢኬድ ሕጉን የሚያስረዳው እሱ ነው፤ የመዝናኛ ፓርክ ቢኬድ ትኬቱን በስልኩ የቆረጠው እሱ ነው። አባት ከኋላ ቦርሳ ይዞ ይከተላል። ሽርሽሩም እንደ ሥራ ቀኑ ልጅ የሚመራው፣ ወላጅ የሚከፍልበት ይሆናል።

ሸናንዶዋ ከዚህ የሚለየው በታሪኩ ነው። “ብሔራዊ ፓርክ” ሲባል የሰው እጅ ያልነካው ዱር ይመስለናል። እዚያ የምናየው ጫካ ግን ሰፊው ክፍሉ እርሻና ግጦሽ የነበረ፣ በኋላ ዳዋ የዋጠው መሬት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ፓርኩ እንዲቋቋም በ1926 ሲፈቅድ (ዓመቶቹ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) መሬቱ የግለሰቦች ነበር። የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በ1928 ባለይዞታን በግዳጅ የሚያስለቅቅ ሕግ አወጣች፣ ከ1 ሺህ በላይ ይዞታዎችን ሰብስባ ለፌደራሉ መንግሥት አስረከበች፣ ፓርኩም በ1935 መጨረሻ ተመሠረተ። ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከተራራው ወረዱ። ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂት ሰዎች እስኪሞቱ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻዋ ያረፉት በ1979 ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን መንግሥት ሥራ የሰጣቸው ወጣቶች መጥተው ዛፍ ተከሉ፣ የመንገዱን ዳር በድንጋይ ካቡ። ከዚያ በ1976 ኮንግረስ የፓርኩን 40 በመቶ ገደማ በሕግ “ዱር” ብሎ ሰየመው። የታረሰን መሬት ዱር ለማለት 40 ዓመት በቃ ማለት ነው።

ዳዋው ግን ሁሉን አልሸፈነም። ከሰሜኑ መግቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከዲኪ ሪጅ የእንግዳ መቀበያ ማዶ የሚጀምረው የፎክስ ሆሎው መንገድ ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዛፎቹ መሃል የድንጋይ ክምር አለ፣ ካብ አለ፣ እዚያ ይኖር የነበረው ቤተሰብ መቃብርም አለ። እዚያው አጠገብ ወደ ስኒድ እርሻ የሚወስደው መንገድ በአሮጌ የፖም ዛፎች መካከል አልፎ እስካሁን ቆሞ ካለ ጎተራ ያደርሳል። ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ አሜሪካዊ ወላጅ እዚህ ሲደርስ ዓይኑ ታፔላ ይፈልጋል። ከመንዝ ወይም ከጎጃም፣ ከጉራጌ ወይም ከሐረርጌ የመጣ ሰው ግን ድንጋይ ለምን አንድ ቦታ እንደተከመረ የሚነግረው አያሻውም። ማሳ ሲለቀም ድንጋዩ የሚጣልበት ዳር ነው። ካቡ ተዳፋቱን አግድም ይዞ ከሄደ አፈር ለመያዝ፣ ቁልቁል ከወረደ ድንበር ለመለየት ወይም ከብት ለማገድ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ዛፉ ሁሉ ቀጭንና እኩያ የሆነበትን ደልዳላ ቦታ ሲያይ “ይኼ እርሻ ነበር” ይላል። የቤት መሠረት ካየ ውሃው በየት በኩል እንደሚሆን ያስባል፤ ምንጭ በራቀበት ቤት የሚሠራ ገበሬ የለምና። በበጋ የሚበስለውን እንጆሪ ያውቀዋል፤ የፓርኩም ደንብ ለራስ የሚበላ ያህል ፍሬ መልቀምን አይከለክልም። ከጥላው ሥር ያለውንም የሳማ ዘመድ ልጁ እጁን ሳይሰድ በፊት ያየዋል። ይህ ሁሉ በየትኛውም ስልክ ላይ የለም፤ ቢኖርም ኔትወርክ የለም።

ይህን ዕውቀት ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ ተራራውን “ያወቁት” የተማሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ይመልከት። በ1933 ማንደል ሸርማን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያና ቶማስ ሄንሪ የሚባል ጋዜጠኛ “ሆሎው ፎክ” የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ። በእነሱ ዓይን የተራራው ሸለቆዎች ሰዎች ከዓለም ተነጥለው የቀሩ፣ ዘመን የረሳቸው ኋላ ቀሮች ናቸው። ሥዕሉ ለፓርኩ ደጋፊዎች ተመቸ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከተራራ ማውረድ እንደ ውለታ ይቆጠር ነበራ። በ1990ዎቹ አርኪዮሎጂስቷ ኦድሪ ሆርኒንግ የእነዚያኑ ቤቶች ፍርስራሽ ስታጠና ግን የሱቅ ሳህኖች፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ የልጆች መጫወቻዎች ተገኙ። ሰዎቹ ከገበያ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። በዘመኑ የተራራውን የቼስትነት ዛፍ ፍሬ ለቅመው ይሸጡ ነበር፤ በ1904 ኒውዮርክ ላይ የታየው የዛፍ በሽታ እስከ ምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ድረስ ዛፉን ሲጨርሰው የብዙ ቤት ገቢ አብሮ ደረቀ። እንግዲህ ድህነታቸው የዘር ወይም የስንፍና ሳይሆን የምርት ውድቀት ነበረበት። ከገበሬ ቤት የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም፤ አንድ የከፋ ዓመት አንድን ቤት ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ለልጁ ሊነግረው የሚገባውም ይኸው ነው። “ኋላ ቀር” የሚለው ቃል በስንቱ ላይ እንደተለጠፈ፣ ማን እንደለጠፈውና ከዚያ በኋላ መሬቱ ለማን እንደሆነ።

“እኛ እኮ የአዲስ አበባ ልጆች ነን” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከስደተኛው ብዙው ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። ነገር ግን የምናገረው ስለ እርሻ ሙያ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እንኳ ዳገቱን ዳገት፣ ቁልቁለቱን ቁልቁለት፣ ሸንተረሩን ሸንተረር ብሎ መጥራት አያቅተውም። ውጭ ያደገው ልጅ አማርኛ አብዛኛው የማድ ቤትና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነው፦ ና ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል፣ ስገድ። የቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ፊደሉን ይሰጠዋል፤ ገደልን፣ ጭጋግን፣ ካብን፣ ምንጭን ግን በወረቀት ላይ ምን ብሎ ያሳየው? ነገሩ ፊት ለፊት ሲቆም ቃሉ ቦታ ያገኛል። ደግሞም ወላጅ ባያውቅ አያት አሉ። ልጅ ለመያዝ ተብለው ከአገር ቤት መጥተው ወራቱን በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ መስኮት ሥር የሚያሳልፉ ስንት እማማዎችና አባባዎች አሉ። ለእነሱ ሊምበርሎስት የሚባለው መንገድ አለ፤ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የተደለደለ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እንኳ ይኬድበታል፣ ማረፊያ አግዳሚም አለው። በዚያ መንገድ ላይ ከቤቱ ሁሉ ብዙ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የበረታ ነው። በእግር መሄድ ለኛ መዝናኛ ሳይሆን ችግር ነበር፤ መኪና የገዛነው ከእሱ ለመገላገል ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ሁለተኛው ሥራ አለ። በሥራው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለት ፈረቃ የሚሠራን ሰው “ለምን ተራራ አትወጣም” ማለት ነውር ነው። ወጪውን በተመለከተ ግን ቁጥሩ ይታይ፦ አንድ መኪና ከነተሳፋሪዎቹ በ30 ዶላር ለ7 ቀን ይገባል፤ በአሜሪካ የሚኖር የ4ኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በልጁ ስም በሚሰጥ የዓመት ፈቃድ በነጻ ይገባል። መራመድ የችግረኛ ነው የሚለው ደግሞ ለራሳችን ታሪክ እንኳ አይስማማም። ግሸን፣ ላሊበላ፣ ቁልቢ በእግሩ የሄደ ሰው መኪና ስላጣ ብቻ አልሄደም፤ መኪናውን አቁሞ የሚራመድም አለ። እኛ ለደስታም ለጸሎትም መራመድን የምናውቅ ሰዎች ነን። ያልለመድነው ያለ ምክንያት መራመድን ነው፤ ፈረንጅ “ሃይኪንግ” የሚለውም ለዚህ ነው የሚያስቀን። ምክንያት ከተፈለገ እንግዲህ ከላይ ተናገርኩት።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው፦ ሰው በተነቀለበት መሬት ላይ መዝናናት ይገባል ወይ? በዚያ ላይ ቦታው ለጥቁር ሰው የተከፈተበት መንገድ ራሱ የተጣመመ ነበር። ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው ሰፈር በ1939 የተከፈተው ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ነው፤ መለያየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ዛሬ ማንም ድንኳኑን የሚተክልበት ሜዳ ነው፤ አውቆ የሚተክል ግን ስንቱ ነው? እኔ መልሱ መቅረት ነው ብዬ አላምንም። ቀርተን ለማን እንተወዋለን? ለማያውቀው ነዋ። መነቀልን ከኛ በላይ የሚያውቅ ጎብኚም አይገኝም። ሰሜን ተራሮች በ1969 ፓርክ ሆነ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ደግሞ በ2016 ወደ ደባርቅ ወረዱ። ዋልያው እንዲተርፍ የሚሻ ሰውም ቢሆን የግጭን ባዶ መሬት ሲያይ ዝም ሊል አይገባውም። ሁለቱን ተራሮች አጎራብቶ ለልጁ የሚያወራ ወላጅ፣ የፓርኩ ጠባቂ በእንግሊዝኛ የማይነግረውን ነግሮታል።

ስለ ድብና ስለ መዥገር የሚነሣውን በአጭሩ ልለፈው። ጥቁር ድብ አለ፤ ምግብን አለመተው፣ ቢታይም አለመጠጋት ነው። መዥገሩ ይብሳል፤ የላይም በሽታ ስለሚያመጣ ማታ የልጆችን ገላ መፈተሽ ግዴታ ነው። የምር የማስጠነቅቀው ኦልድ ራግ ስለሚባለው ተራራ ነው። ፎቶው ያማልላል፣ ግን መንገዱ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቋጥኝ በእጅና በእግር የሚወጣበት ቦታ አለው፣ ከማርች እስከ ኖቬምበር ደግሞ ቀድሞ ትኬት ይቆረጥለታል። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ለነገሩ የከፍታ ጉራ ከሆነ የሚፈለገው እዚያ መሄድም አያስፈልግም፤ የፓርኩ ትልቁ ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ገደማ ነው፣ የድሬዳዋ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚኖርበት ከፍታ።

ስለዚህ ትንሹን መንገድ እመርጣለሁ። የፎክስ ሆሎውን ዙር ጎልማሳ ሰው ሳይቆም ከሄደ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ቤተሰብ ግን መቆም አለበት፤ በካቡ ዘንድ፣ በክምሩ ዘንድ፣ በመቃብሩ ዘንድ። ልጁ መግቢያው ላይ ያለውን ታፔላ ለሁሉም ያንብብ፣ የሱ ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ታፔላ በሌለበት ቦታ “ይኼን ማን ካበው?” ብሎ ሲጠይቅ ጊዜ ይሰጠው፤ ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ ምሳው ከመኪናው የትም አይሄድም።