ገበያዋን ወስደን ምጣዱን የመለስንላት እህት

ረመዷን ሲገባ በቤታችን ከሁሉ በላይ የሚበዛው የሴቷ ሥራ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲል በደብረ ታቦርም፣ በወረታም፣ በአዲስ ዘመንም የሙስሊሙ ግቢ መጨስ ይጀምራል። ሾርባው ይጣዳል፣ የሳምቡሳው ሊጥ ይዳመጣል፣ እንጀራው ይጋገራል። ሌሊት ለሱሑር ቀድማ የምትነሣውም ያቺው ሴት ናት። ስለዚህ የጡት ካንሰር ታክማ ወደ ቤቷና ወደ ሥራዋ ስለተመለሰች እህት ለመነጋገር ከዚህ ወር የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም። በሌላው ጊዜ ተሸፋፍኖ የሚያልፈው ነገር በዚህ ወር ፊት ለፊት ይታያል።

ዲናችን ለታመመ ሰው ከጾም ዕረፍት ሰጥቶታል። የሚድን ከሆነ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል፤ መጾም ፈጽሞ የማይችል ደግሞ ፊድያ ከፍሎ ድኻ ያበላል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ሐኪም አትጹሚ ያላትን ሚስቱን የግድ ጹሚ የሚል ባልም አይበዛም። ግን ከጾሙ ያሳረፍናትን ሴት ከምጣዱ አላሳረፍናትም። እንዲያውም «አንቺ ስለማትጾሚ አቅም አለሽ» ተብሎ የጾመኞቹ ምግብ በሙሉ በእሷ ላይ የሚወድቅበት ቤት አለ። አላህ ያቀለለላትን እኛ በሌላ በር መልሰን ጫንንባት ማለት ነው።

የነገሩ ሌላ ግማሽም አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከመታመሟ በፊት ጉሊት የነበራት፣ በርበሬና ቅመም የምታዘጋጅ፣ የፎገራን ሩዝ በኪሎ የምትቸረችር ወይም በስፌት መኪና የምትሠራ ሴት ታክማ ስትመለስ «አንቺ እረፊ፣ ጤናሽ ይበልጣል» ትባላለች። ቃሉ የፍቅር ቃል ነው። ነገር ግን እሷ ስታርፍ ጉሊቱን የባሏ ወንድም ወይም ጎረቤት ይይዘዋል፤ ደንበኞቿ ሌላ ሰው ይለምዳሉ፤ እቁቡም ያለ እሷ ይቀጥላል። በዚህ መካከል በእጇ ገንዘብ የሚያስገባላት ሥራ ከእሷ ይወሰድና ገንዘብ የሌለው፣ ግን ክንድ የሚጨርሰው ሥራ ይመለስላታል። «እረፊ» የተባለችው ሴት ውኃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ይህ ዕረፍት አይባልም።

ወደ ሥራ መመለስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቢሮ የምትገባዋን፣ ደመወዝተኛዋን ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን አብዛኛዋ ሴት የምትመለሰው ወደ ማሳ፣ ወደ ገበያና ወደ ማጀት ነው። እዚያ ደግሞ የሕመም ፈቃድ ወረቀት የሚፈርም አለቃ የለም። ፈቃዱን የሚሰጣት ቤተሰቧ ነው።

ለመሆኑ ክንዷ ምን ሆነ? በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከብብት ሥር ያሉት እጢዎች ከወጡ፣ ወይም ቦታው ጨረር ከተሰጠው፣ የዚያ ወገን ክንድ ፈሳሹን እንደ ቀድሞው ማስወገድ ይሳነውና ሊያብጥ ይችላል። እብጠቱ ወዲያው ካልመጣ ከወራት፣ አልፎም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ክንድ ላይ የሚደርስ ቃጠሎም ሆነ ጭረት በቀላሉ ይመረቅዛል። እንግዲህ ምጣድን አስቡት። ከሥር እሳቱ፣ ከላይ አክንባሎው ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት አለ። አንዳንዱ የኬሞቴራፒ መድኃኒት በተለይ ፓክሊታክሰል የጣትን ጫፍ ስለሚያደነዝዝ ሴትዮዋ መቃጠሏን የምታውቀው ዘግይታ ሊሆን ይችላል። ልብስ ሰፊ ከሆነች ደግሞ መርፌው ሲወጋት ላይሰማት ይችላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በቀን ስንቴ እንደሚቀዳ እናንተው ታውቃላችሁ። ክንዱ ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ካመጣ እስከ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ይህ ማለት ግን ያ ክንድ ዕድሜ ልኩን ሥራ ይከልከል ማለት አይደለም። ቀድሞ «በዚያ እጅሽ ምንም አታንሺ» ይባል ነበር። ዛሬ የሚመከረው እንቅስቃሴውን በቀላሉ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመርን ነው። ትከሻ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። ስለዚህ ጉሊት ቁጭ ብሎ ሩዝ መስፈር፣ በርበሬ መልቀም፣ ሒሳብ መያዝ ቀድመው የሚመለሱ ሥራዎች ናቸው፤ ውኃና እንጨት መሸከም፣ ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ ማንሣት የመጨረሻዎቹ ናቸው። እኛ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

ድካሙም አለ። ኬሞቴራፒው ካለቀ በኋላ ለወራት የሚቆይ፣ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም ነው። በዚህ ላይ የእኛ እህቶች አንድ የተለየ ነገር ይገጥማቸዋል። ሂጃቡ የረገፈውን ፀጉር ይሸፍነዋል። ለክብሯ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕመሟም አብሮ ይሸፈናል። ጎረቤት አይቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ድነሻል» ይላታል፣ ለሠርጉም ለለቅሶውም ለሥራ ይጠራታል። ካንሰሯ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከነበረ ግን ታሞክሲፈንን የመሰለ ኪኒን ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት በየቀኑ መዋጥ አለባት። (በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ ለሐኪሟ ትንገረውና አብረው ይወስኑ። በረመዷን ምክንያት ማቋረጥ ግን አይገባም።)

መንገዱንም እንቁጠር። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ሆኖ ሳለ፣ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች አዲስ አበባ ማረፊያ ማዘጋጀቱ ትልቅ እፎይታ ነው። የትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ቀለብና የተዘጋው ጉሊት ወጪ ግን ከቤት ይወጣል። ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገሪቱ ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ስለነበረ ደብተሩን በአካባቢያችን የማያውቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን መድኑ የሚያግዘው ሕክምናውን ነው፤ ሴትዮዋ ሳትነግድ የቀረችበትን ወር አይከፍልም። ላም ተሸጦ፣ ብድር ተገብቶ የዳነች ሴት ወደ ቤቷ የምትመለሰው ከዕዳ ጋር ነው። እንግዲህ ሥራዋ የሚያስፈልጋት ከመቼውም ይልቅ አሁን ነው፤ እኛ «እረፊ» የምንላትም አሁን ነው።

በግል ድርጅት ተቀጥራ ለምትሠራዋ ሕጉ ጥቂት ነገር አስቀምጦላታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን ለጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ኬሞቴራፒ በየ3 ሳምንቱ 8 ዙር ከታዘዘ 24 ሳምንት ይወስዳል፤ ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ሳይቆጠር 6 ወሩ ሊያልቅ ተቃረበ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ፈቃዱን የግድ በአንድ ጊዜ መጨረስ አለመኖሩን ነው፤ በተለያየ ጊዜም ሊቆጠር ይችላል። መድኃኒቱን በወሰደችበት ሳምንት ቀርታ፣ አቅም ባገኘችባቸው ሳምንታት ልትገባ ትችላለች። ለዚህ የሐኪም ማስረጃውን በየጊዜው ይዞ ማቅረብ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛዋ፣ መምህሯም ነርሷም፣ የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ የሰው ኃይል ክፍሏን ትጠይቅ። ለርዕሰ መምህራን ግን አንድ ነገር ልበል፦ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ማለት ክንድን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መዋል ነው። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰች መምህርት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍለ ጊዜዋ ቢቀነስላት ትምህርት ቤቱ የሚጎዳው ትንሽ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ ነግረውናል። ይህን ሐዲስ በየደርሱ የሰማ ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጀሪካን ቢይዝ ማንም አይስቅበትም። ቢሳቅበትም ይያዝ። በዚህ ወር ደግሞ ቀላል መፍትሔ አለ፤ በአንድ ግቢ ያሉ ሦስት ቤቶች እንጀራውን በተራ ቢጋግሩ ወይም ገዝተው ቢያፈጥሩ ጾማችን አይጎድልም። የኢፍጣር ማዕድ የግድ አሥር ዓይነት መሆን አለበት ያለን ማን ነው?

የእሷን ገበያ በተመለከተ ግን የምለው ከዘካ ጋር የተያያዘ ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ውስጥ ድኾች፣ ችግረኞችና ባለዕዳዎች አሉ። በሕክምና ምክንያት የከሰረች ነጋዴ ከእነዚህ የምትወጣ አይመስለኝም፤ ጥርጥር ያለው የመስጂዱን ሸይኽ ይጠይቅ። የእኛ ልማድ ዘካን ለብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ብር ማደል ነው። ኢማም ነወዊን የመሰሉ የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች ግን ለድኻ ነጋዴ የሚነግድበት መነሻ፣ ለእጅ ባለሙያ ደግሞ የሥራ መሣሪያው እንዲሰጠው ጽፈዋል። አንዲት ሴት አንድ ኩንታል ሩዝና ሚዛን፣ ወይም አንድ የስፌት መኪና ብታገኝ የዓመት ልመናዋ ይቀራል። ባሏ ዘካውን ለእሷ መስጠት አይችልም፤ መቀለቧ አስቀድሞም ግዴታው ነውና። ወንድሟ፣ አጎቷ፣ የሰፈሯ ጀመዓ ግን ይችላሉ። እናታችን ኸዲጃም ነጋዴ ነበሩ፤ የሴት ንግድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ለዘካ አውጪዎች አለኝ። ጉሊትም ሆነ ስፌት ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቀው በረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ነው። ልብሱ፣ ቅመሙ፣ ዱቄቱ የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡ በዒዱ ዋዜማ ከደረሳት ዕቃ አምጥታ ለመሸጥ ጊዜ አይኖራትም፤ በወሩ አጋማሽ ላይ ከደረሳት ግን ወረታ ወርዳ ሩዙን ጭና፣ ለዒድ ገበያ ትደርሳለች።