«ነገም ያጠፉታል» ብለን እንተወው?

 

የሴሚስተሩ እረፍት ሊደርስ ነው። ከእንጅባራ ተነስተን ገሚሳችን ዳንግላና ቻግኒ፣ ገሚሳችን ወሎና ጅማ እንበተናለን። ከመካከላችን ቤቱ ሲገባ የጃጁ አባት፣ እናት ወይም አያት የሚጠብቁት አይጠፋም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ፤ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ወንድምና እህትን ግን ያኳርፋል። መነጽራቸው ጠፋ፤ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው የት እንደገባ አልታወቀም። ሌላ ይገዛላቸው ወይስ ይቅር?

ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚዘጋው አንድ አነጋገር ነው፦ «ምን ያደርግላቸዋል? ነገም ያጠፉታል።» እኔ ይህ አነጋገር ክርክሩን መዝጋት የለበትም ባይ ነኝ። ነገ መጥፋቱ እውነት ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ግን ዕቃው እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ሳይሆን በቆየበት ጊዜ ምን ይሠራላቸዋል የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ስናየው ደግሞ መነጽርና ጥርስ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። «ጃጁ» ስንል የእርጅና ጣጣ ብቻ ይመስለናል። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ግን አንጎልን በሚጎዱ በሽታዎች ሳቢያ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ከበሽታዎቹም ዋነኛው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው አኃዝ መሠረት ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕቃ መጥፋቱ ራሱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። የት እንዳስቀመጡት ይረሳሉ፤ እንዳይሰረቅ ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ይደብቁታል፤ ኋላም «ሰረቃችሁኝ» ይላሉ። ስለዚህ «ነግረንዎት አልነበር?» እያሉ መቆጣት የጠፋውን አይመልስም። ሱረቱ አን-ነሕል 70ኛው አያህ ላይ ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት ዕድሜ የሚመለሱ ሰዎች እንዳሉ ተነግሮናል። ሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አያህ ላይ ደግሞ ወላጅ እኛ ዘንድ ሲያረጅ የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳይወጣን ታዘናል።

መነጽርን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሲያደርጉት የሚቆዩ እስከሆነ ድረስ ይተካ። የማስታወስ ኃይሉ የደከመ ሰው ከማንም ይበልጥ በዓይኑ ይደገፋል። ልጁን በስሙ ባያስታውሰው በፊቱ ይለየዋል፤ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ቢረሳ በሩን አይቶ ያገኘዋል። ዓይኑ ሲደበዝዝበት ግን ሁለቱም ድጋፎች አብረው ይወድቃሉ፤ ሰውየውም ደረጃ ስቶ ይወድቃል። ዓይንና አንጎል ምን ያህል እንደሚተሳሰሩ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ ማየት ይበቃል፤ ለዲሜንሺያ ያጋልጣሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች አንዱ ያልታከመ የዕይታ ችግር ነው።

እዚህ ላይ በእኛ ቤት በብዛት የሚያጋጥም ነገር አለ። አባባ ሲመሽ በሚስማር የተሰቀለውን ኮት ሰው ነው ብለው ይጮሃሉ፤ ጥግ ላይ ልጅ ተቀምጧል ይላሉ። ቤተሰቡ «ጂን ነው» ይልና ሩቅያ የሚቀራ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ቁርኣን ይቀራላቸው፣ በረካ ነው። ግን መነጽራቸው ከጠፋ ስንት ሳምንት ሆነው? አምፖሉስ ይሠራል? በደበዘዘ ዓይንና በደከመ አእምሮ ላይ ጨለማ ሲጨመር ኮት ሰው መምሰሉ አይደንቅም። ሩቅያውም መነጽሩም አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከመግዛት በፊት ግን ዓይናቸውን ማስመርመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተካሄደው የአገራችን የዓይነ ስውርነት ጥናት መሠረት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በሞራ ግርዶሽ ነው። ከዕይታ መድከሙ ደግሞ ሲሶ ያህሉ በመነጽር የሚስተካከል ዓይነት ነበር። «መነጽር ገዝተንላቸው አላደርግም አሉ» የምንላቸው አዛውንት ምናልባት መነጽሩ አላሳይ ስላላቸው ይሆናል፤ ሞራ ከሆነ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ሌላም አለ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ለቅርብ ብቻ ነው። አዛውንቱ እሱን አድርገው ግቢውን ሲዞሩ ከዋሉ መንገዱ ይደበዝዝባቸውና ለመውደቅ ይጋለጣሉ።

ደግሞም መነጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በታወቀ ቦታ ነው። ለውዱእ ፊታቸውን ሊታጠቡ ያወልቁታል፤ ቧንቧው አጠገብ ይቀራል። በክር አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል፣ እጀታው ላይ የልጅን ስልክ ቁጥር መለጠፍ፣ ለሙአዚኑ ነግሮ ማስቀመጥ፣ የሐኪሙን የመነጽር ትእዛዝ ወረቀት ፎቶ አንስቶ መያዝ፣ ከተቻለም ርካሽ ፍሬም መርጦ ሁለት ማሠራት ይቻላል። እንዲህ ከተደረገ «ነገም ያጠፉታል» የሚለው ስጋት ይቀላል።

የጥርሱ ጉዳይ ግን ከበድ ይላል። «አላህ የወሰደውን ጥርስ ምን ብለን እንተካለን?» የሚል ሰው ካለ የዐርፈጃ ቢን አስዐድን ታሪክ ያስታውስ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት ይህ ሶሐባ በኩላብ ጦርነት አፍንጫውን አጣ። በብር ቢያሠራ ሸተተበት፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ለዚህ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ሳይሆን ሲቀርም «አንዴ ሞክረሃል፣ ይብቃህ» አልተባለም። ስለዚህ መተካቱ በራሱ ችግር የለበትም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አዲስ ጥርስ ለማሠራት አፍ ከፍቶ ልክ ማስወሰድ፣ ደጋግሞ ሐኪም ዘንድ መመላለስ፣ ከዚያም ለሳምንታት መልመድ ያስፈልጋል። ጉዞው ባሕር ዳር ድረስ ከሆነ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ማለት ነው። አዲስ ነገር መልመድ ያቃተው አእምሮ ደግሞ አዲስ ጥርስን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይተፋዋል። ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ በዚያ ጥርስ ይበሉ ከነበረ ሳይውል ሳያድር ይሠራላቸው፤ ልምዱ ከጠፋ አይመለስምና። አሮጌ ጥርስ ቤት ውስጥ ካለ ይዞ መሄድ ነው፤ ሐኪሙ የለመዱትን ቅርጽ መነሻ ሊያደርገው ይችላል። ከወራት በፊት ጀምሮ ኪሳቸው ውስጥ ይውል ከነበረ፣ ያለ እሱም ከበሉ፣ እጅ ወደ አፋቸው ሲቀርብ የሚደነግጡ ከሆነ ግን ይቅርባቸው። ያኔ መተው ቸልተኝነት አይሆንም፤ ምግቡ ከተስተካከለ ማለት ነው። ቆሎውና ጥብሱ ይቅርና ገንፎ፣ አጥሚት፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት፣ የተፈጨ ሥጋ ይቅረብ፤ ድንች እንደሆነ በአዊ ምድር አይጎድልም።

ማኘክ ብቻ ግን አይደለም ሚዛኑ። ሁሉን ረስተው ፋቲሓን ያልረሱ አዛውንቶች አሉ። ፋእ እና ሳእ የሚወጡት በፊት ጥርስ ነው። ጥርሳቸውን ሲያደርጉ አቀራራቸው የሚጠራላቸው፣ ለዒድ የሚመጣ ዘመድ ፊት አፋቸውን በእጃቸው መሸፈን የሚተዉ ከሆነ፣ ለእሳቸው ይህም አንድ ትልቅ ጥቅም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥርሱ ድንገት ጠፍቶ አዛውንቱ ካሳላቸው፣ ምራቅ መዋጥ ካቃታቸው ወይም ምግብ ከተናነቃቸው ትራስና አልጋ ሥር ፍለጋ ጊዜ አይባክን፤ ውጠውት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።

ታዲያ ማን ይወስን? በብዙ ቤት የሚወስነው የሚከፍለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ወይም እህት። ጥርሱ ይሠራላቸው እንደነበር የምታውቀው ግን እቤት ሆና የምታጎርሳቸው ናት። በሹራው መጀመሪያ ቃል ለእሷ ይሰጥ። ሌላም በግልጽ የማይነገር ነገር አለ። አንዳንዴ አዛውንቱ የራሳቸው ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ ወይም የመሬት ገቢ እያላቸው ልጆች «ለማይቆይ ነገር» ብለው ይቆጥቡታል። ያ ገንዘብ ገና ውርስ አልሆነም፤ የአባታችን ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ 5ኛው አያህ ገንዘባቸውን በአግባቡ መያዝ ያልቻሉትን አብሏቸው፣ አልብሷቸው፣ መልካም ቃልም ተናገሯቸው ነው የሚለን። ሶላትና ጾም አእምሮውን ባጣ ሰው ላይ ግዴታ መሆናቸው ይነሳል፤ እሱ በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ግን አይነሳም።

በዚህ እረፍት እቤት ስንገባ ከመከራከራችን በፊት ሦስት ቀን ብቻ እንያቸው። መነጽሩን ሲያጡ ምን አቃታቸው? ያለ ጥርስ ምን ተዉ፣ ምን በሉ? ያየነውን ይዘን ለቤተሰቡ እንናገር። ጤና የምትማሩ እህት ወንድሞች ደግሞ ምርመራው ላይ አብራችሁ ብትሄዱ ከምክር ይበልጣል።

አላህ (ሱ.ወ) ለወላጆቻችን የምናዝን ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።